«ቻርጅ» ክፍያ ነው፣ ክስ ነው ወይስ ኃላፊነት?

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ ገላን አካባቢ በሚገኝ መጋዘን በጫኝና አውራጅነት እየሠራሁ ማታ ማታ እንግሊዝኛ እማራለሁ። «ቻርጅ» የሚለውን ቃል የማውቀው ከስልክ ጋር ብቻ ነበር። አሁን ግን በአንድ የዕቃ ሰነድ ላይ «ፍሪ ኦፍ ቻርጅ»፣ በአለቃችን ባጅ ላይ «ስቶር ኢን ቻርጅ»፣ በመማሪያ መጽሐፌ ደግሞ አንድ ሰው «ቻርጅድ ዊዝ ቴፍት» ተብሎ አነበብሁ። አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የቃሉን ሥር ለመረዳት ከእርስዎ ሥራ የተሻለ መነሻ አይገኝም። ቃሉ ከላቲን ተነሥቶ በጥንቱ ፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ትርጉሙ ዕቃን በጋሪ ላይ መጫን ነበር፤ «ካርጎ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የእኛ «ጫነ» ከአህያ ጀርባ ተነሥቶ «ዕዳ ተጫነበት»፣ «ኃላፊነት ተጫነበት» እስከማለት እንደደረሰ ሁሉ፣ የእንግሊዝኛውም ቃል ከጋሪው ወርዶ በሰው ትከሻ ላይ ዐርፏል፤ የሚጫነው ዋጋ ሲሆን ክፍያ፣ ጥፋት ሲሆን ክስ፣ ሥራ ሲሆን ኃላፊነት ማለት ይሆናል። ስለዚህ የሰነዱ ዕቃ ያለክፍያ የተሰጠ ነው፤ አለቃዎ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው፤ በመጽሐፉ ያለው ሰው ደግሞ በስርቆት ተከሷል።

የስልኩም ትርጉም ከዚያው ጭነት የራቀ አይደለም። ባሩድን በጠመንጃ ውስጥ መጨመር፣ እኛ ማጉረስ የምንለው፣ «ቻርጅ» ይባል ነበር፤ በ18ኛው መቶ ዘመን ኤሌክትሪክን የመረመሩ ሊቃውንትም በመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ማከማቸቱን በዚሁ ቃል ጠሩት።

ተማሪን በእውነት የሚያስቸግረው ግን ትርጉሙ ሳይሆን አብረውት የሚመጡት ትናንሽ ቃላት ናቸው፤ እኔ የምመክርዎም እነርሱን ከቃሉ ሳይነጥሉ እንዲያጠኑ ነው። «ፎር» ሲከተለው ነገሩ ብዙውን ጊዜ ስለ ክፍያ ነው፤ «ዊዝ» የወንጀል ስም አስከትሎ ሲመጣ ግን ክስ ነው። ከሁሉም የሚረቀው በ«ኢን ቻርጅ ኦፍ» እና በ«ኢን ዘ ቻርጅ ኦፍ» መካከል ያለው ልዩነት ነው። ነርሷ ሕፃኑን የምትጠብቅ መሆኗን ለመናገር ስለ እርሷ የመጀመሪያውን እንጠቀማለን፤ ሕፃኑ በእርሷ ጥበቃ ሥር መሆኑን ለመናገር ግን ስለ እርሱ ሁለተኛውን እንጽፋለን። ከዚህ ከሁለተኛው ላይ «ዘ» ከጎደለች፣ ሕፃኑ የነርሷ ኃላፊ ሆኖ ይነበባል።