ኮሎኖስኮፒ ከሞት አያድንም የተባለው እውነት ነው?

ጥያቄ፦ የ47 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሐኪሜ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ካላደረግሽ ብላ ወጥራ ይዛኛለች። ባለቤቴ ደግሞ «አውሮፓ ተጠንቶ ከሞት አያድንም ተብሏል፣ ዝም ብለሽ አትሠቃዪ» ይለኛል። ሕመም የለኝም፣ ከቤተሰቤም በዚህ የታመመ የለም። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ባለቤትሽ ከሜዳ ተነሥቶ አላወራም። ጥናቱ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በፖላንድ፣ በኖርዌይና በስዊድን ከ84 ሺህ በላይ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉና ለአንዱ ወገን «ኑ ተመርመሩ» የሚል ጥሪ ላኩ፣ ሌላው እንደ ወትሮው ኖረ። ከ10 ዓመት በኋላ በተጠሩት ዘንድ የአንጀት ካንሰር 18 በመቶ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በካንሰሩ የሞቱት ላይ ግን ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ወሬው የተነሣው ከዚህ ነው።

ወሬው የዘለለው ግን፣ ከተጠሩት ውስጥ የተመረመሩት 42 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ነው። ጥሪ ደግሞ ካንሰር አይከላከልም! ሁሉም ቢመጡ ኖሮ ተብሎ ሲሰላ ካንሰሩ በ31 በመቶ፣ ሞቱ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይሄኛው ስሌት እንደ ዕጣው አስተማማኝ አይደለም፤ ተጠርቶ የሚመጣ ሰው ድሮም ለጤናው የሚጠነቀቅ ሊሆን ይችላላ። ቢሆንም ፖሊፕ (አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ስለሚወስድ፣ የሞቱን ነገር ለመፍረድ ገና ነው።

ማጋነንም አልፈልግም። ካልተጠሩት ውስጥ እንኳ በ10 ዓመት የታመመው ከመቶ አንድ ሰው ገደማ ነው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ተመርመሪ፤ በምን የሚለው ግን ያንቺ ምርጫ ነው። አሜሪካ ከ2021 ጀምሮ ምርመራው ከ45 ዓመት እንዲጀመር ይመከራል። ኮሎኖስኮፒው ንጹሕ ከሆነ እስከ 10 ዓመት አይደገምም፣ ፖሊፕ ካለም እዚያው ይነሣል። ካስጠላሽ በየዓመቱ ቤትሽ ሆነሽ የሰገራ ምርመራ ማድረግ ትችያለሽ። ደም ከተገኘ ግን ኮሎኖስኮፒው አይቀርልሽም። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ ወይም ያለምክንያት ከከሳሽ ደግሞ ይሄ ሁሉ ክርክር ቀርቶ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ሰው የሚማረርበት ምርመራው ሳይሆን ዋዜማው ነው። ለጾም ለለመደ ሰው ረሃቡ ምንም አይደል፤ የሚያስመርረው አንጀት የሚያጥበው መድኃኒትና የመጸዳጃ ቤቱ ምልልስ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ተልባና ሰሊጥ አትንኪ። ማደንዘዣ ስለሚሰጥሽ በዕለቱ መንዳት አይፈቀድልሽም፣ ባለቤትሽ ሥራ ያስፈቅድና ያድርስሽ።