«ይሄ መኪና ሳይሆን ቆርኪ ነው»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ባለፈው «ድሬ ላይ አንቱ የሚለኝ ገንዘብ ሊበደር የመጣ ሰው ብቻ ነው» ብለህ ስለጻፍክ፣ እኔም ደፍሬ አንተ ልበልህ። ሐረር፣ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ጨርቅ እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የምውለው ከቀለም ጋር ነው። ከወር በፊት ወንድሜ ፍላሽ ላይ ካስጫናቸው ፊልሞች መሀል «ስፒድ ሬሰር» የሚባለውን አየሁ። ከካርቱን ተወስዶ በሰው የተሠራ የመኪና እሽቅድምድም ነው። ወደድኩት። ደግሜ አየሁት። ሦስተኛ ጊዜ ሳይ ወንድሜ ደረሰብኝና ሳቀብኝ። «ይሄን እኮ ሃያሲው ሁሉ የተፋው ነው፤ ወጪውን እንኳን አልመለሰም» አለኝ። ፈልጌ ሳነብ እውነቱን ነው። አሁን ሰው ፊት «ወድጄዋለሁ» ለማለት አፍራለሁ። ይህን ያህል ሰው የጣለውን የወደድኩት የሚያይ ዓይን ስለሌለኝ ነው? ወንድሜንስ ምን ልበለው?

ባለ ጨርቋ፣ ከሐረር

መልስ፦ አቦ ባለ ጨርቋ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ በዚህ ፊልም ምክንያት ከተሳቀብኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ያኔ ድሬ ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በር ላይ ቆሜ ሁለት ብር እቀበላለሁ፣ አግዳሚውን አስተካክላለሁ፣ ሲዲውን እቀይራለሁ። ፋኑ ሲቆም ደግሞ ስድቡን የምጠጣው እኔ ነኝ። ፊልሙ አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገባው ግንቦት 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው። በልደታ ቀን ማለት ነው፣ እዚህ ሰው ንፍሮውን ሲበትን። እኛ ጋ የደረሰው ከወራት በኋላ፣ ሽፋኑ በደበዘዘ ሲዲ ነው። ሽፋኑ ላይ መኪና ስላለ ቤቱ ሞላ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ፉጨት ተጀመረ። «ወርያ! ይሄን የልጅ ከረሜላ አውጣልን!» ባለቤቱ መጥቶ ሲዲውን አስወጣኝና የካራቴ ፊልም አስገባ። እኔ ግን ሲዲውን ኪሴ ከትቼ ቤት ወሰድኩት።

ከዚያ በፊት ግን አባቴ መጥቶ ነበር። አባቴ መካኒክ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ፔጆ 404 ሲጠግን የኖረ። የድሬንና የሐረርን ታክሲዎች ታውቂያቸዋለሽ፣ አንዳንዶቹ ከእኔም ከአንቺም ይበልጣሉ። ቁልፍ ሊቀበለኝ መጥቶ በር ላይ ቆመ። እጁ ግራሶ በግራሶ ነው። መኪኖቹ እየዘለሉ፣ አየር ላይ እየተሽከረከሩ ሲጋጩ ትንሽ አየና «ይሄ መኪና ሳይሆን ቆርኪ ነው» ብሎ ሄደ።

ልክ ነው እኮ! ልጆች ሆነን ከሽቦ መኪና ሠርተን ቆርኪ ጎማ እናደርግለት ነበር። ያ መኪና በግድግዳ ይወጣል፣ በአየር ይሄዳል፣ ተገልብጦም ያሸንፋል። ይሄም ፊልም እንደዚያ ነው የሚነዳው። አባቴ ለስድብ የተናገረውን እኔ እንደ ምስጋና ወሰድኩት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የሚያይ ዓይን እንደሌለሽ ጠረጠርሽ። እኔ ደግሞ ቀድሞ ያየልሽ ያ የጨርቅ ዓይንሽ ነው እላለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ነገሩ የሚነሳው ከጃፓን ነው። ታትሱኖኮ የተባለ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመረው፣ 52 ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ካርቱን ነበር። የፈጠረው ታትሱኦ ዮሺዳ ይባላል። በዚያ ዘመን የቲቪ ካርቱን ሁሉን ነገር እያንቀሳቀሱ መሣል ውድ ነው። ስለዚህ ሰውየው ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ከኋላው ያለው ሥዕል ይንሸራተታል። ዓይናችን መኪናው የከነፈ ይመስለዋል። ብልሃቱ ይሄው ነው።

ከ40 ዓመት በኋላ ላና እና ሊሊ ዋቾውስኪ ይህን ወደ ሰው ፊልም ሲቀይሩ ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ ሁሉም የሚያደርገው ነው። ካርቱኑን እውነት ማስመሰል፣ አቧራ መጨመር፣ ቀለሙን ማደብዘዝ። እነሱ ተቃራኒውን ያዙ። ሰዎቹን ካርቱን አደረጓቸው። ጀርመን፣ በርሊን አጠገብ ባለው የባቤልስበርግ ስቱዲዮ፣ ተዋናዮቹን አረንጓዴ ግድግዳ ፊት አቆሙና ዓለሙን በኮምፒውተር ሠሩላቸው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በይ። በተለመደው ፊልም ካሜራው ፊት ለፊት ያለውን ሰው ሲያጠራ፣ ከኋላው ያለው ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል። እዚህ ፊልም ላይ ግን የፊቱን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ እያዘጋጁ ደራረቡት። ስለዚህ አፍንጫሽ ስር ያለው ፊትም፣ ሩቅ ያለው ተራራም እኩል ጥርት ብሎ ይታያል። ወረቀት ላይ የተሣለ ተራራ ይደበዝዛል እንዴ? አይደበዝዝም።

ይህ ብዙ ተመልካች ዓይኑን ያመመው ነገር ነው። አንቺን ግን አላመመሽም፣ አይገርመኝምም። አንቺ የጁገል፣ የአሮጌዋ ሐረር ልጅ ነሽ። የሐረሪ ቤት ሲገባ መደቡ ቀይ ነው፣ ግድግዳው ከታች እስከ ጣሪያ በሰፌድና በሳህን የተሸፈነ ነው። የትኛው ፊት፣ የትኛው ኋላ እንደሆነ ማንም አይነግርሽም፤ ሁሉም እኩል «እዩኝ» ይላል። ወጥተሽ ደግሞ አንዱ ግድግዳ ሮዝ፣ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ ነው። እኔ ከድሬ ስመጣ መጀመሪያ ዓይኔ ግራ ይጋባል። አሥር ደቂቃ ከሄድኩ በኋላ ግን ሌላ ከተማ ሁሉ አመድ የተነሰነሰበት ይመስለኛል። ፊልሙም እንደዚያ ነው። አሥር ደቂቃ ስጪኝ ይላል። ያ ቪዲዮ ቤት የነበረ ሰው ደግሞ ሁለት ብሩን እንጂ አሥር ደቂቃውን አልሰጠም።

ለምን ወደቀ የሚለው ላይ ወንድምሽ አልዋሸም። 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት፣ በመላው ዓለም ከሲኒማ የተሰበሰበው 94 ሚሊዮን እንኳን በቅጡ አልሞላም። ከዚያም ላይ ሲኒማ ቤቶቹ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። የወጣበትም ጊዜ አላመቸውም። ልክ ከሳምንት በፊት «አይረን ማን» ገብቶ ሰዉን ሁሉ ሰብስቦታል። ደግሞ የዋቾውስኪዎች ስም ሲጠራ ሰው የሚያስበው እ.ኤ.አ. የ1999ኙን «ማትሪክስ» ነው። ጥቁር ካፖርት፣ ጥቁር መነጽር፣ ዝናብ። ያንን ጠብቆ ሄዶ ደማቅ ቀለምና ቺምፓንዚ ሲያገኝ ምን ይበል? ሙሸበክ ሲጠብቅ ሳምቡሳ እንደተሰጠው ሰው ነው የሆነው። ሳምቡሳው ጥፋት የለበትም።

ግን ዋናው ምክንያት እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ነው፦ ለልጅ ረዘመ፣ ለአዋቂ ጣፋጭነቱ በዛ። 135 ደቂቃ ነው። መሀሉ ላይ ስለ አክሲዮን፣ ስለ ኩባንያ ግዢ፣ ስለ ፍርድ ቤት ምስክርነት ያወራል። የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ ጊዜ ምን ያድርግ? እኔ ራሴ ሻይ አፍልቼ ተመልሻለሁ። የዋናው ልጅ ታናሽ ወንድምና ቺምፓንዚው ደግሞ አንዴ ያስቃሉ፣ አምስተኛው ላይ ጥርስ ያስነክሳሉ። እወደዋለሁ ማለት እንከኑን አላይም ማለት አይደለም።

የምወድለትን ልንገርሽ። የመጀመሪያውን እሽቅድምድም ታስታውሺዋለሽ? ልጁ፣ ስፒድ፣ ከሌሎቹ መኪኖች ጋር ብቻ አይደለም የሚሽቀዳደመው። የሞተው ታላቅ ወንድሙ የያዘው ክብረ ወሰን አለ፤ የወንድሙ መኪና እንደ ጥላ ከፊቱ ይታያል። ሊያልፈው ይችላል። መጨረሻው ላይ ግን እግሩን ላላ ያደርጋል። ውድድሩን ያሸንፋል፣ የወንድሙ ሰዓት ሳይነካ ይቀራል። አንድም ሰው አፍ አውጥቶ ምን እንደተደረገ አያብራራም። ያን ሁሉ ከረሜላ የሚመስል ቀለም ውስጥ እንዲህ ያለ ዝም ያለ ነገር መደበቁ ነው እኔን የያዘኝ።

ከዚያ ባለ ኩባንያው ሮያልተን ይመጣል። ቤታቸው ገብቶ የእናትየውን ፓንኬክ እያሞገሰ ይበላል። «ለእኔ ኩባንያ ተወዳደር» ሲለው ልጁ እምቢ ይላል፤ ያኔ ፊቱ ይለወጣል። እሽቅድምድሙ ድሮም አስቀድሞ የተሸጠ ነው፣ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ገንዘብ ነው ይለዋል። አንድ የቤተሰብ ጋራዥ፣ አንድ ግዙፍ ኩባንያ። አባትየው፣ ጆን ጉድማን የተጫወተው፣ መኪናውን በገዛ እጁ ነው የሚሠራው። የጋራዥ ልጅ ሆኜ ይሄን እንዴት ልጥላ?

ሲዲውን ቤት ከወሰድኩት በኋላ አንድ ማታ አባቴ እራት እየበላ የመጨረሻውን ውድድር አየ። ሳይፈልግ ነው ያየው፣ ቴሌቪዥኑ ያለው እዚያው ክፍል ስለሆነ። ልጁ መሀል መንገድ ላይ ሞተሩ ይጠፋበታል። ሁሉም ጥሎት ሲሄድ ዓይኑን ጨፍኖ መኪናውን ያዳምጣል። አባቴ ጉርሻውን ይዞ ቆመ። እሱ የ404 ሞተር ሲታመም ረጅም ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርጋል። «ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ነው ችግሩ» ይላል፣ ይሆናልም። «መልሰው እስቲ» አለኝ። መለስኩት። ዝም ብሎ አይቶ ሲጨርስ «ግን ይህን ሁሉ ሲሄድ ቤንዚን የት ነው የሚቀዳው?» አለ። ከአባቴ ይሄ ትልቅ አድናቆት ነው ወላሂ።

ወንድምሽን በተመለከተ ሁለት ነገር ብቻ እንዳትዪው። አንደኛ፣ «አንተ ስላልገባህ ነው» አትበዪ። ገብቶት ያልወደደ ብዙ ሰው አለ። ሁለተኛ፣ «መጥፎ መሆኑን አውቃለሁ፣ የማየው ለመሳቅ ነው» ብለሽ አታምልጪ። ብዙ ሰው በዚህ ያመልጣል፣ አሁን አሁን ፋሽንም ሆኗል። አንቺ ግን ሦስቴ ያየሽው ለመሳቅ አይደለም። ለምን ትዋሺያለሽ?

ይልቅ አንድ ጥያቄ ጠይቂው። «መጀመሪያው ውድድር ላይ ከፊቱ የምትታየው መኪና የማን ናት?» በይው። ካወቀ በእኩል መከራከር ትችላላችሁ። ካላወቀ ያላየውን ፊልም ነው የጣለው ማለት ነው። እንዲያይ ከፈለግሽ ደግሞ በስልክ አታሳዪው። ይህ ፊልም በስልክ ሲታይ የተበጠበጠ ቀለም ብቻ ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን፣ መጋረጃው የተዘጋ፣ ድምፁ ከፍ ያለ። ሙሉውን እንዲያይ አትለምኚው። በረሃና ተራራ የሚያቋርጠውን ረጅሙን ውድድር ብቻ ክፈቺለት። የደንገጎን ጠመዝማዛ በሚኒባስ የወረደ ሰው ያንን አይቶ እግሩ ፍሬን ካልፈለገ፣ ተይው፣ እሱ የካራቴ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። መኪና መኪና ሲል ይውላል። ስለ «ስፒድ ሬሰር» ለባልደረባህ ስታወራ ሰማሁህ፤ ላሳየው?

አንድ አባት፣ ከድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር

መልስ፦ አሳየው፣ ግን በሁለት ቀን ከፍለህ። አክሲዮን የሚወራበት ላይ ስትደርስ እለፈው፣ ምንም አይጎድልበትም። ፊልሙ ላይ ያለው ትንሹ ልጅ አንድ ቦታ ላይ በጣቱ ይሳደባል፤ እዚያ ላይ አንተ የልጅህን ዓይን ወደ ሌላ ሳበው። መብራትና ቀለሙ በጣም ስለሚብለጨለጭ ደግሞ ስክሪኑ አፍንጫው ላይ አይሁን። ከመጀመርህ በፊት ሽቦና አራት ቆርኪ አዘጋጅ። ሲያልቅ ይጠይቅሃል፣ ያኔ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል።