ዋጋ ያወረደችብኝ ጓደኛዬ

ጥያቄ፦ «በጋዜጠኝነት ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በፍሪላንስ (ሳልቀጠር፣ በየሥራው እየተከፈለኝ) ለዩቲዩብ ቻናሎች ስክሪፕት፣ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ደግሞ ጽሑፍ እሠራለሁ። አብራኝ የተማረችን ጓደኛዬን ከአንድ ደንበኛዬ ጋር ያስተዋወቅኳት እኔ ነኝ። አሁን እኔ በ3,000 ብር የምጽፍለትን ስክሪፕት እሷ በ1,500 እንደምትሠራለት ደንበኛው ራሱ ነገረኝ። ይባስ ብሎ የእሷ ስም መጽሔት ላይ ይወጣል፤ የእኔን ሥራ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። ሙያውን ልተወው ወይስ እኔም ዋጋ ላውርድ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽን አሳጥሬ ነው ያወጣሁት። በላክሽልኝ ደብዳቤ ስለ 1,500 ብሩ የጻፍሽው ሁለት መስመር ነው፤ ስለ መጽሔቱ ግን ገጽ ሙሉ። እንቅልፍ የነሳሽ የትኛው እንደሆነ አንቺው ነግረሽኛል።

ለምን ትጽፋላችሁ ሲባሉ ብዙዎቹ ፍሪላንሰሮች «ጽሑፍ ስለምወድ» ይላሉ። ውሸት አይደለም፤ የቤት አከራይ ግን ይህን አይሰማም። ገንዘብ፣ ስም፣ ልምድ፦ ሦስቱን አንድ ላይ ይዞ የሚመጣ ሥራ እምብዛም አይገኝም። ስክሪፕቱ ገንዘብ ሰጥቶሻል፣ ስሙን ቻናሉ ወስዶታል። መጽሔቱ ለጓደኛሽ ስም ሰጥቷታል፤ ክፍያው ምናልባት የታክሲ ነው፣ እሱም ከመጣ። አንቺ ከስክሪፕቱ ስምም ትጠብቂ ነበር፤ ለደንበኛው ግን አንድም ቀን አልነገርሽውም።

መንገር ይቻላል እኮ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤት አሠሪው ነው። ይህ ግን የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ከሥራው ገንዘብ የማግኘቱ መብት ነው። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» የማለቱ የሞራል መብት ካንቺ ጋር ይቀራል። ስለዚህ ቀጣዩን ሥራ ከመቀበልሽ በፊት በቴሌግራምም ቢሆን በጽሑፍ ሦስት ነገር አስፍሪ፦ ክፍያው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚገባ፣ እርማት ስንት ጊዜ እንደምትሠሪ፣ ቪዲዮው መጨረሻ ላይ «ጽሑፍ፦» ከሚለው ጎን ስምሽ እንደሚገባ። ይህ ለቻናሉ ባለቤት አምስት ሳንቲም አያስወጣውም፤ ካልጠየቅሽው ግን ትዝም አይለው።

ዋጋ ማውረዱን በተመለከተ፣ እኔም አውርጄ አውቃለሁ። በ1990ዎቹ አንድ የሙያ ባልደረባዬ መጽሔት ላይ (ስሙ ይቅር) የሚጽፈውን ዓምድ «በግማሽ ክፍያ እሠራዋለሁ» ብዬ ወሰድኩበት። የዚያን ዕለት ፒያሳ ወጥቼ ማኪያቶና ኬክ ጋበዝኩ፤ የጋበዝኩት ራሴን ነው፣ ደስታዬን ለማን እነግራለሁ? ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ አዘጋጁ ጠራኝና አንድ ተማሪ በነጻ ሊጽፍለት እንደተስማማ አረዳኝ። ማንን ልውቀስ? ዓምዱ በርካሽ እንደሚገኝ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ያ ባልደረባዬ እስከ ዛሬ ሰላምታ አይሰጠኝም፣ አልፈርድበትም።

ስለዚህ አታውርጂ። ይልቅስ ይህ ደንበኛ ከወር ገቢሽ ስንት እጁ እንደሆነ አስቢው። ከግማሽ በላይ ከሆነ ፍሪላንሰር ሳትሆኚ ጡረታ የሌለው ተቀጣሪ ሆነሻል፤ ሁለት ባላ ትከል የተባለው ለእንዳንቺ ዓይነቱ ነው። ሌላ ደንበኛ ፈልጊ። መጽሔቱንም በሐሜት አትከታተዪው፤ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅተሽ ላኪለት። ያኔ ከጓደኛሽ ጋር ብትፎካከሩ እንኳ በጽሑፍ ይሆናል፣ በርካሽነት አይደለም።

ሙያውን ስለ መተው ዛሬ አልመልስልሽም። መጀመሪያ ለጓደኛሽ ደውዪላት። ስለ መጽሔቱ አታንሺ፣ ስለ ክህደትም አታውሪ። ለስክሪፕቱ ስንት እንደሚከፈላት ብቻ ጠይቂያት። 1,500 ነው ያለሽ ደንበኛው እንጂ እሷ አይደለችም፤ ለእሷ ደግሞ ያንቺ ዋጋ ስንት እንደሆነ ምን ብሎ እንደነገራት ማን ያውቃል።