በከረጢት ያለ ቲማቲም የሚበላው ከእጅህ ብቻ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከመራዊ ነው። ከቆጋ መስኖ ቦይ አጠገብ ትንሽ የላስቲክ ቤት አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቲማቲሜ ማበብ ሲጀምር እየጠወለገ አለቀብኝ። ዘንድሮ አፈሩን ትቼ 80 ከረጢት ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ሞላሁ፤ በየከረጢቱ አንድ አንድ ተከልሁ። ኤንፒኤስና ዩሪያ በበርሜል እያሟሟሁ አጠጣለሁ። አሁን አይጠወልግም። ግን የታችኛው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀል መሀሉ ይገረጣል። ፍሬውም ከግርጌው ይጠቁራል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያየኸው በሽታ አይደለም፤ ረሃብ ነው። የፈንገስ መድኃኒት ልትገዛ አስበህ ከሆነ ገንዘብህን ያዝ።

መሬት ላይ ኤንፒኤስና ዩሪያ ይበቃህ የነበረው፣ የቀረውን አፈሩ ስለሚሸፍንልህ ነው። ሬድ አሽ ግን ድንጋይ ነው። ሥር ይይዛል፣ አየር ያሳልፋል፣ ምግብ ግን የለውም ማለት ይቻላል። የኤንፒኤስ ከረጢትህን አገላብጠህ አንብበው፤ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር ነው ያለው። ዩሪያ ደግሞ ናይትሮጅን ብቻ። ካልሲየሙ ከየት ይምጣ? ቅጠልህ የማግኒዥየም ያለህ፣ ፍሬህ የካልሲየም ያለህ እያለ ነው።

ዩሪያው ነገሩን ያባብሰዋል። አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳት ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ሬድ አሽ ውስጥ ግን ገና አልበዙም። ስለዚህ ከዩሪያው የሚወጣው አሞኒየም ሳይለወጥ ይበዛና ካልሲየም ወደ ሥር እንዳይገባ ይሻማዋል። ዩሪያውን ዛሬውኑ አቁም።

በምትኩ ለ1,000 ሊትር ውሃ ይህን አዘጋጅ፦ ካልሲየም ናይትሬት 800 ግራም፣ ፖታሲየም ናይትሬት 400 ግራም፣ ሞኖ ፖታሲየም ፎስፌት 200 ግራም፣ ማግኒዥየም ሰልፌት 450 ግራም፣ 6 በመቶ ብረት ያለው የብረት ኪሌት (ብረቱ ውሃ ውስጥ እንዳይዘቅጥ ተደርጎ የተሠራ) 40 ግራም። ቦሮንና ዚንክ ያለበትን የጥቃቅን ንጥረ ነገሮች ድብልቅ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ ጨምርበት። ሁሉም በውሃ ሙልጭ ብለው የሚሟሙ መሆን አለባቸው። የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙት እነዚህኑ ነው። ተክልህ በቀን 1.5 ሊትር ቢጠጣ፣ 80ው ተክል 120 ሊትር ይፈጃል። ስለዚህ 1,000 ሊትሩ ከሳምንት ትንሽ ይዘልልሃል።

አደራ የምልህ አደባለቁን ነው። ካልሲየም ናይትሬትን በአንድ ባልዲ ለብቻው አሟሟ። ፎስፌቱንና ሰልፌቱን በሌላ ባልዲ። ከዚያ ውሃ በሞላው ታንከር ላይ መጀመሪያ አንዱን አፍስሰህ በደንብ አማስል፣ ቀጥሎ ሌላውን። ሁለቱን ባልዲ እንዳሉ ካገናኘሃቸው ውሃው እንደ ኖራ ይነጣል። ያ ነጭ ዝቃጭ የገዛኸው ካልሲየም ነው። ተክሉ አይጠጣውም፣ የጠብታ መስኖ ካለህም ቀዳዳውን ይደፍናል።

የኢሲ (ውሃው ውስጥ የሟሟው ጨው መጠን) እና የፒኤች (የውሃው አሲድነት) መለኪያ ከጎረቤቶችህ ጋር ተዋጥታችሁም ቢሆን ግዙ። ኢሲው በሚሊሲመንስ በሴንቲ ሜትር ለችግኝ 1.5 ገደማ፣ ፍሬ ሲይዝ ከ2 እስከ 3 ይሁን። ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 6.5።

ውሃውን በአንድ ጊዜ አታንበሽብሸው። ጥቂት ጥቂት፣ በቀን ብዙ ጊዜ ስጠው። አንዷን ከረጢት መርጠህ ከሥሯ ሳፋ አስቀምጥ። 1 ሊትር ስትሰጣት አንድ ብርጭቆ ያህል ከታች ከወጣ ደህና ነው። ምንም ካልወጣ ጨው እየተጠራቀመ ነው። ቀትር ላይ ከረጢቱ ከደረቀ፣ ካልሲየም ሞልቶም ቢሆን ፍሬው መጥቆሩን አይተውም። የጠቆሩትን ልቀማቸው፤ አይድኑም።

አሁን ወደዚያ የሁለት ዓመት መጠውለግ ልመለስ፤ እሱ ነው የሚያሰጋኝ። ቅጠሉ ወደ ቢጫነት ሳይለወጥ ነበር ድንገት የሚጠወልገው? ከሆነ የባክቴሪያ አጠውልግ እጠረጥራለሁ። አሮጌው መሬትህ ላይ የጠወለገ ተክል ካገኘህ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቁረጠው። ቁራጩን ንጹህ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ ነክረህ ያዘው። በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ወተት ያለ ክር ወደ ታች ከወረደ፣ እሱ ነው።

እሱ ከሆነ ቦይ ያመጣልሃል። የቦይ ውሃ የስንቱን ድንችና በርበሬ ማሳ አልፎ ነው አንተ ጋ የሚደርሰው፤ ሁለቱም ይህ በሽታ ይይዛቸዋል። አፈሩን ሸሽተህ በውሃው እንዳታስገባው። ከረጢቶቹን ከመሬት አንስተህ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ ደርድር። ከማሳ ስትመጣ ጫማህን ቀይር። ውሃውን ከጉድጓድ ቅዳ። ከቻልህ ደግሞ ከላስቲክ ጣሪያህ የክረምቱን ዝናብ አጠራቅም፤ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 1,000 ሊትር ነው፣ ልክ አንድ ድብልቅ።

የብርጭቆውን ነገር እንዳየህ ጻፍልኝ። ወተቱ ካልወረደ ሌላ የምንጠረጥረው አለ።