ጥቅምት ሲገባ ልጆቻችንን እንዴት እንጠብቅ? ከጎንደር ወላጆች የመጡ ጥያቄዎች

ከመስቀል ወዲህ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሕፃናት ነርስ ነኝ፤ ጥያቄዎቻችሁን እንዳመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ የሁለት ዓመት ልጄን ሳል ይዞታል። ጎረቤቶቼ «እንጥሉ ወርዷል፣ ይቆረጥ» ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳታስቆርጪው! መቁረጡ ሳሉን አያድነውም፤ ምላጩ ግን ብዙ ደም ሊያፈስ፣ ቴታነስም ሊያስይዝ ይችላል። ይልቅ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን እያየሽ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሪ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ 40 ከሞላ ወይም ካለፈ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ደግሞ 50 ከሞላ፣ የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከዛለ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቂ፤ ይዘሽው ውጪ። ትንፋሹ ደህና ሆኖ ከበላና ከተጫወተ ጉንፋን ነው፤ ለብ ያለ ፈሳሽ ይበቃዋል። ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ በራስሽ አትግዢለት።

ጥያቄ፦ ዳማከሴ ጨምቄ በአፍንጫዋ ልጨምርላት? ስድስት ወሯ ነው።

መልስ፦ አይጨመር፤ ትን ይላታል። ሽታው ደስ ካለሽ ለራስሽ አሽትቺው። ማርም ዓመት ሳይሞላት አይሰጥም።

ጥያቄ (አንድ አባት)፦ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ከሰል አንድደን እንተኛለን። ጭስ የለውም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጭስ አለመኖሩ ነው የሚያዘናጋው። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ በተዘጋ ቤት ቤተሰቡን ሁሉ እንደተኛ ያስቀራል። ማንደጃው ከመኝታ በፊት ይውጣ። ለልጆቹ ካልሲ፣ ኮፍያና ጋቢ ይደረብላቸው።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ባለቤቴ ሰሊጥ አጨዳ ስለሄደ መተማ ሰንብተን ተመለስን። የአምስት ዓመቷ ልጄ ትኩሳት አላት። እዚህ ደጋ ስለሆነ ወባ አይመስለኝም።

መልስ፦ የነከሳት ትንኝ እኮ የመተማ ነው! ወባ ከተነከሱ በኋላ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይወጣል። ዛሬውኑ ደሟ ይመርመር፤ መድኃኒት ከታዘዘላትም ትኩሳቱ ቢለቃትም ሳይቋረጥ ትጨርስ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ዝናቡ አቁሞ ኩሬው ሲቀር ዋናው የወባ ወቅት ነው፤ ደምቢያና ጎርጎራ ዘመድ ጥየቃ ለምትሄዱም አጎበር አይረሳ። በ1950 ክረምትና በ1951 ዓ.ም. መግቢያ በአገሪቱ በተነሳው ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ «የቆላ ንዳድ ነው፣ ያልፋል» ሲባል የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ወባ የለም ከተባለ በኋላም ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳች፣ ሆዷም በግራ በኩል ካበጠ ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚይዝ በሽታ) ያሰጋል። የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ስለሆነ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ሳይጠይቅሽ ንገሪው።

ጥያቄ፦ ልጄ እሸት በልቶ ተቅማጥ ያዘው። ምግብ ልከልክለው?

መልስ፦ አትከልክዪው፤ ጡት የሚጠባ ከሆነም ይጥባ። ኦአርኤሱን (በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) ማሸጊያው ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን በጥብጠሽ በማንኪያ ቀስ እያልሽ ስጪው፤ ዚንክም ከ6 ወር በላይ ከሆነ በቀን 20 ሚሊ ግራም ለ10 ቀን፣ ተቅማጡ ቢያቆምም። ደም ካለበት፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ወደ ጤና ጣቢያ። ትንንሾቹ ደግሞ ሽምብራ እሸት ይዘው አይሩጡ፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል። ሥጋው ግን አይቀመስም፤ ልጆቼ ይጎዱብኝ ይሆን?

መልስ፦ አይጎዱም። እንቁላል፣ ምስር፣ ሽሮ በጎመን ይብሉ። መረቁ ያሞቃል እንጂ ብቻውን ልጅ አያሳድግም።

ጥያቄ፦ የ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት አመለጠን። አሁን ዓመት ከስምንት ወር ሆነው።

መልስ፦ አልረፈደም። ካርዱን ይዘሽ ነገ ሂጂ፤ ካርዱ ቢጠፋም ሂጂ።