የጎረቤት ዋይፋይ እየታየ የቤትዎ ሲጠፋ

የአንባቢያችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። አሜሪካ ያለች እህታቸው የላከችላቸው ሳምሰንግ ስልክ ዲኮድ ስላልተደረገ የአገር ውስጥ ሲም አይቀበልም፤ ስለዚህ በዋይፋይ ብቻ ነው የሚጠቀሙበት። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ነው። ስልኩ የጎረቤቶችን ዋይፋይ ሰባት ስምንቱን ይዘረዝራል፤ የራሳቸውን ግን አያሳይም። የባለቤታቸው ስልክ እዚያው ሶፋ ላይ ሆኖ ያለችግር ይሠራል። መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ የቤታቸው ስም ብቅ ይልና ለጥቂት ቀናት ይሠራል፤ ከዚያ ደግሞ ይጠፋል። ጥገና ቤት ወስደው አንዴ ፍላሽ ተደርጎላቸዋል፤ ማለትም የስልኩ ሶፍትዌር እንደ አዲስ ተጭኗል። አሁን ደግሞ «የዋይፋይ አይሲው (ዋይፋዩን የሚያሠራው ቺፕ) ሞቷል፣ ይቀየር» ተብለው ከመክፈላቸው በፊት ጻፉልን።

እንኳን ሳይከፍሉ ጻፉ። ስልኩን አያስከፍቱት። የዋይፋይ አይሲው የሞተ ስልክ የማንንም ስም አያሳይም፤ ብዙ ጊዜ ማብሪያው ራሱ አይበራም። ግድግዳ ተሻግሮ የሰባት ጎረቤት ዋይፋይ የሚሰማ ስልክ ጆሮው ደህና ነው። የነገሩ ቁልፍ ያለው ደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ተራ ነገር የጠቀሷት ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ መታየቱ። የተበላሸ አይሲ መብራት ስለመጣ አይድንም። መብራት ሲመጣ እንደ አዲስ የሚነሳው ራውተሩ ነው።

ራውተር ስሙን በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ይጣራል። የሚጣራው ግን እንደ ሬዲዮ ጣቢያ በአንድ ቻናል ላይ ሆኖ ነው። ዋይፋይ ከሚሠራባቸው የሞገድ ክልሎች (ባንዶች) አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናሎቹ ከ1 እስከ 13 ተቆጥረዋል፤ ቻናል 1 በ2412 ሜጋኸርዝ፣ 6 በ2437፣ 11 በ2462፣ 13 በ2472 ላይ ይቀመጣሉ። ስልክ ስም ሲፈልግ ከቻናል ቻናል እየዘለለ ያዳምጣል። ራውተሩ ስልኩ በማያዳምጠው ቻናል ላይ ከተጣራ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ እንኳ ለዚያ ስልክ ራውተሩ የለም።

አሜሪካ ውስጥ የተለመደው እስከ ቻናል 11 ነው። እዚያ ከ2483.5 ሜጋኸርዝ በላይ ያለው ክልል በጥብቅ የሚጠበቅ ስለሆነ፣ አምራቾች ወደዚያ ድንበር የተጠጉትን 12ንና 13ን ዘግተው ይልካሉ። በሌላው ዓለም አብዛኛው ቦታ ግን እስከ 13 ይሠራል። አንድሮይድ ስልክ የትኛው አገር እንዳለ በአብዛኛው የሚያውቀው ከሞባይል ኔትወርኩ ነው። ሲም ገብቶ ኔትወርክ ሲይዝ «ኢትዮጵያ ነኝ» ይልና የተዘጉትን ቻናሎች ይከፍታል። ሲም የሌለው ስልክ ግን ብዙ ጊዜ ፋብሪካ ሲወጣ በተሞላለት አገር ይቀራል። የእርስዎ ስልክ አዲስ አበባ ተቀምጦ አሁንም አሜሪካ ያለ ይመስለዋል ማለት ነው። አይፎን የአገሩን ኮድ በአካባቢው ካሉ ራውተሮችም ስለሚያነብ በዚህ ችግር እምብዛም አይያዝም።

ኮንዶሚኒየሙ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። የራውተሮች ቻናል ብዙውን ጊዜ «አውቶ» ላይ ነው፤ ራውተሩ ሲነሳ ጎረቤቶቹን ያዳምጥና ጫጫታ ያነሰበትን ይመርጣል። በአንድ ብሎክ ውስጥ ሃያ ራውተር 1ን፣ 6ንና 11ን ተሻምቶ ሲይዝ ለራውተሩ ጸጥ ያለ ሊመስለው የሚችለው 12 ወይም 13 ነው። ያኔ ስልክዎ ያጣዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የብሎኩ ራውተር ሁሉ እንደ አዲስ ስለሚመርጥ፣ የእርስዎ ራውተር በዕድል 6 ላይ ካረፈ ይታያል። እንደገና ወደ 13 ሲዞር ይጠፋል።

ይህን ግምት በሁለት ፈተና ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሁለቱም ምንም አያስወጡም።

አንደኛው፣ በባለቤትዎ ስልክ ሆትስፖት ይክፈቱ። ሳምሰንግ ከሆነ ሴቲንግ፣ ኮኔክሽንስ፣ ሞባይል ሆትስፖት ውስጥ ባንድ የሚለውን 2.4 ጊጋኸርዝ ያድርጉት። አይፎን 12 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ከሆነ «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ያብሩ፤ ሳይበራ የሚሠራው በ5 ጊጋኸርዝ ነው። ስሙ ስልክዎ ላይ እስኪታይ ድረስም ከሆትስፖት ገጹ አይውጡ፤ አይፎን ከገጹ ሲወጡ ስሙን መጣራት ያቆማል። ስልክዎ ሆትስፖቱን አይቶ ከተገናኘ፣ አይሲውም አንቴናውም በሕይወት አሉ።

ሁለተኛው፣ ራውተሩ አሁን የትኛው ቻናል ላይ እንዳለ ማየት ነው። የባለቤትዎ ስልክ አንድሮይድ ከሆነ ከፕሌይ ስቶር የዋይፋይ አናላይዘር ዓይነት ነጻ አፕ ይጫኑ። ሎኬሽን ማብራት አይርሱ፤ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ሎኬሽን ከጠፋ እንዲህ ያለ አፕ ባዶ ዝርዝር ነው የሚያሳየው፣ ብዙ ሰው በዚህ ተሳስቶ «ይህም ስልክ ተበላሸ» ይላል። አንድሮይድ 9ም ከፊት ያለውን አፕ በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ4 ጊዜ በላይ እንዳይፈልግ ስለሚገድበው፣ ሪፍሬሹን ደጋግመው ቢጫኑ ለውጥ አያዩም፤ ትንሽ ይታገሡት። አይፎን ላይ ደግሞ የአፕል ኤርፖርት ዩቲሊቲ የሚባለው አፕ አለ፤ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ የአፑን «ዋይፋይ ስካነር» ካበሩ የእያንዳንዱን ስም ቻናል ያወጣል። ከቤትዎ ስም ጎን 12 ወይም 13 ካዩ ፍለጋው አለቀ።

መፍትሔው ራውተሩ ውስጥ ነው። የባለቤትዎን ስልክ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ያገናኙና የሞባይል ዳታውን ያጥፉ፤ ዳታ እየሠራ ስልኩ ወደዚያ ስለሚሸሽ የራውተሩ ገጽ አልከፈት ሊል ይችላል። ከዚያ ብራውዘር ላይ ራውተሩ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉ፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ነው። ወረቀቱ ከተላጠ፣ በተገናኙበት ዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ «ጌትዌይ» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር ያው ራሱ ነው። የመግቢያ ስሙና ፓስወርዱም ወረቀቱ ላይ አለ።

ሲገቡ ደብሊውላን ወይም ዋይፋይ የሚለውን፣ ቀጥሎ 2.4ጂ አድቫንስድ የሚለውን ይክፈቱ። ቻናሉን ከአውቶ አውጥተው 1፣ 6 ወይም 11 ያድርጉ። ከሦስቱ አንዱን የምለው እርስ በርስ የማይነካኩት እነሱ ስለሆኑ ነው፤ «3 ባዶ ነው» ብለው 3ን ቢይዙ የ1ንም የ6ንም ጫጫታ ይሸከማሉ። የትኛውን እንደሚመርጡ አፑ ይነግርዎታል፦ ከሦስቱ ውስጥ የጎረቤቶች ምልክት ደካማ የሆነበትን ይያዙ። የቻናል ስፋቱን ደግሞ 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉ። 40 በወረቀት ላይ ፈጣን ነው፤ ሃያ ራውተር በሚጮህበት ብሎክ ውስጥ ግን ከራስዎም ከጎረቤትም ጋር ያጋጫል። «ቢከን ፒሪየድ» (ራውተሩ ስሙን በየስንት ጊዜው እንደሚጣራ የሚወስነው) የሚል ካዩ 100 ላይ ይተዉት። አስቀምጠው ይውጡ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከዚያ የእርስዎን ስልክ ዋይፋይ አጥፍተው ያብሩ።

አንድ ነገር አደራ። ፓስወርዱ እምቢ ካለ ራውተሩ ላይ ያለችውን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ አይውጉ። የፋይበር ራውተር ውስጥ የኢንተርኔት መስመርዎ መለያና ፓስወርድም አለ፤ ከጠፋ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን አይኖርም፣ እንደ አዲስ እስኪሞላም ቤቱ ሁሉ ተቋርጦ ይከርማል። ከዚያ ይልቅ አገልግሎት ሰጪው ጋ ደውለው ቻናሉን እንዲቀይሩልዎ ወይም መግቢያውን እንዲሰጡዎ ይጠይቁ። እስከዚያው ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት አዲስ ቻናል ሊያስመርጠው ይችላል፤ ጊዜያዊ መሆኑን ግን ይወቁ። ስልኩ ወደፊት ዲኮድ ከተደረገ ሲም ሲገባለት በራሱ ሊስተካከል ይችላል፣ ሆኖም አንዳንድ የአሜሪካ ሞዴሎች ሲም ገብቶም 12ንና 13ን አይከፍቱም። ስለዚህ ቻናሉን ማሰር የተሻለ ነው።

አፑ ላይ ያዩት ቁጥር 12 ወይም 13 ካልሆነስ? ቁጥሩ 36 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ራውተሩ ስሙን የሚጠራው በ5 ጊጋኸርዝ ነው። ርካሽና የቆዩ ስልኮች ይህን ባንድ ጨርሶ አያውቁትም፤ ከአይፎን እንኳ 5 ጊጋኸርዝን የጀመረው በ2012 የወጣው አይፎን 5 ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር አለ፦ የዋይፋይ ስም መጨረሻ ላይ የሚጻፈው «5ጂ» የሞባይሉ 5ጂ አይደለም፣ 5 ጊጋኸርዝ ለማለት ነው። የ5ጂ ስልክ ስላልሆነ አይታየኝም ብሎ ስልክ መቀየር አያስፈልግም። የ2.4ቱ ስም ራውተሩ ላይ ጠፍቶ ከሆነ ማብራት ብቻ ነው። በ5 ጊጋኸርዝ ውስጥም ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ራውተሩ እነሱን ከመያዙ በፊት ቢያንስ 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት፣ ራዳር ከሰማም ጥሎ ይሄዳል፤ ስልክም እዚያ ስም መኖሩን የሚያውቀው ሲጣራ ከሰማ ብቻ ስለሆነ ሊዘገይ ይችላል። በ36፣ 40፣ 44 ወይም 48 ላይ ማሰር ከዚህ ጣጣ ያወጣል።

ስሙ ራውተሩ ላይ ተደብቆ ከሆነ የባለቤትዎ ስልክ ቀድሞ ስለሚያውቀው ይገባል፣ የእርስዎ ግን አያየውም። ይህ ከሆነ ግን መብራት ሲመጣ ብቅ አይልም ነበርና በእርስዎ ጉዳይ አይመስለኝም። ለሌሎች ግን፦ «አድ ኔትወርክ» ብለው ስሙን በትልቅና ትንሽ ፊደሉ ልክ እንዳለ ይጻፉ፣ የደኅንነት ዓይነቱን ይምረጡ፣ አድቫንስድ ውስጥ «ሂደን ኔትወርክ» የሚለውን «የስ» ያድርጉ።

ሁሉም ልክ ሆኖ ስሙ አሁንም ካልታየ የኔትወርክ ሴቲንግ ሪሴት ያድርጉ። ሳምሰንግ ላይ ጀነራል ማኔጅመንት፣ ሪሴት ውስጥ ነው። የተቀመጡ የዋይፋይ ፓስወርዶችና የብሉቱዝ ግንኙነቶች ይጠፋሉ፤ ፎቶና ቁጥር አይነካም። ፍላሽ ማድረግ ለዚህ ችግር መድኃኒት አይደለም። የሌላ ሞዴል ሶፍትዌር ከተጫነበት እንዲያውም ደህናው ዋይፋይ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል።

ስልክ በእርግጥ የሚከፈተው መቼ ነው? ምልክቶቹ ከእርስዎ የተለዩ ናቸው። የዋይፋይ ማብሪያው ግራጫ ሆኖ አልበራም ሲል፣ ወይም በርቶ ወዲያው ሲጠፋ፤ አባውት ፎን ውስጥ የዋይፋይ ማክ አድራሻው «አይገኝም» ወይም 02:00:00:00:00:00 ሲል፤ ብሉቱዙም አብሮ እምቢ ሲል። በአብዛኞቹ ስልኮች ዋይፋይና ብሉቱዝ አንድ አይሲ ስለሚጋሩ ሁለቱ አብረው ከሞቱ ጥርጣሬው ወደ አይሲው ይሄዳል።

ማብሪያው በርቶ ስልኩ ከራውተሩ ጎን ካልቆመ በቀር ምንም የማያይ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ከአይሲው ይልቅ ወደ አንቴናው ይሄዳል። ይህ በቁጥር ይለካል። ሁለቱን ስልኮች ከራውተሩ 1 ሜትር ላይ ያስቀምጡና አፑን ይክፈቱ። ጤነኛው ከ-30 እስከ -45 ዲቢኤም አካባቢ ያነባል፤ ዲቢኤም የምልክት ጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ምልክቱ ጠንካራ ነው። ታማሚው እዚያው ቆሞ -70 ካነበበ ምልክቱ ወደ ውስጥ እየገባ አይደለም። በተለይ ስክሪን ወይም የቻርጅ ቦታ ከተቀየረ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ከታችኛው ቦርድ ወደ ዋናው የሚሄደው ክር የመሰለ ቀጭን የአንቴና ኬብል ጫፉ ከሶኬቱ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ጫፉ እንደ ምስር ያለች ክብ ቁልፍ ናት፤ ቀጥ ብላ ስትገጥም «ቀጭ» ትላለች። ባትሪው መጀመሪያ ይነቀላል። ኬብሉ ደህና ከሆነ በጀርባ ሽፋኑና በቦርዱ መካከል የሚነካኩት ወርቃማ ምላሶች ይታያሉ፤ የጎበጠው ቀና ይደረጋል፣ የቆሸሸው በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይጠረጋል። ያልተመለሰች አንዲት ቡሎን ብቻ ምላሱን ከቦርዱ ታርቀዋለች። የብረት ወይም ማግኔት ያለበት ከቨርም ይውለቅና ይሞከር።

ወደ ጥገና ቤቱ ከተመለሱ ጠጋኙን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁት፦ በቻናል 6 ላይ የታሰረ የ2.4 ሆትስፖት ከስልኩ ጎን ከፍቶ እንዲያሳይዎ። ስልኩ ካየው አይሲው ይቀየር የሚያሰኝ ምክንያት የለም፤ አይሲ ለመንቀል የሚጠቀሙበት ሂት ገን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) አጠገቡ ላሉ ደህና አይሲዎችም አይበጅም። ዛሬ ማታ ግን መጀመሪያ የባለቤትዎን ስልክ ይዘው የራውተሩን ቻናል ይመልከቱ። 13 ብሎ ካገኙት ወደ 6 አውርደው፣ የእርስዎን ዋይፋይ አጥፍተው ያብሩ።