«ኔጋቲቭ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ላብራቶሪ ለገባችሁ ልጆቼ፣

አዳማ ላይ በዚህ ሙያ ፀጉሬን አሽብቻለሁ። የቫይረሱን ጂን አባዝቶ ስለሚያነበው ፒሲአር ማሽን አልመክራችሁም፤ እናንተ ትበልጡኛላችሁ። የማወራችሁ ስለ አፍንጫ ነው።

አንድ ጊዜ ከአንድ ጤና ተቋም የመጡ የኢንፍሉዌንዛ ናሙናዎች በሙሉ ኔጋቲቭ ሆኑ። ሪዘልቱን ልፈርም ብዕር ሳነሳ አንዲት አዲስ ባልደረባችን «ጋሼ፣ አርኤንኤዝ ፒው እኮ አልወጣም» አለችኝ። ደነገጥኩ። አርኤንኤዝ ፒ የሰው ጂን ነው። አፍንጫ ውስጥ በሚገባው የናሙና መውሰጃ፣ በስዋቡ፣ ላይ የሰው ሴል ካለ ማሽኑ ያነበዋል። እሱ ከጠፋ «ቫይረስ የለም» ማለት አይቻልም። ወይ ናሙናው በወጉ አልተወሰደም፣ ወይ እኛው ጋ ኤክስትራክሽን ላይ፣ ማለትም ጂኑን ከናሙናው ስናወጣ፣ ተበላሽቷል። የኛን ደግመን ሠራን። ያው ነው። መጻፍ የነበረበት «ኢንቫሊድ»፣ ማለትም «ውጤቱ አይታመንም»፣ ነው። ለጥቂት ልዋሽ ነበር።

ሙቀቱንም አትርሱ። ናሙናው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተሠራ ከዜሮ በታች 70 ይፈልጋል። የአዳማ ፀሐይ ደግሞ ለአይስ ፓክ አታዝንም። ሳጥኑ ሲመጣ መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እዩ፤ ሰላምታው ይደርሳል።

«ጉንፋን ነው፣ ምን ያካብዳል» የሚሏችሁ ይኖራሉ። በፈረንጆች 2008 መጀመሪያ ላይ ኖርዌይ ውስጥ የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒቱን ታሚፍሉን፣ ማለትም ኦሴልታሚቪርን፣ የተላመደ (መድኃኒቱ የማይበግረው) ኤች1ኤን1 የሚባል ወቅታዊ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በብዛት ተገኘ። ምክንያቱ አንዲት ለውጥ ናት። ኒውራሚኒዴዝ የሚባለው የቫይረሱ ፕሮቲን 275ኛ ቦታው ላይ ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ ወጥቶ ታይሮሲን የተባለው ገባ። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ታማሚዎች መድኃኒቱን ቀምሰውት አያውቁም። ያም ሆኖ በዓመት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። ያንን ያጠፋው መድኃኒት አይደለም፤ በ2009 የመጣው ሌላው ኤች1ኤን1 ቦታውን ስለወሰደበት ነው።

ኢንፍሉዌንዛን ብቻ የሚለየው ተራ ፒሲአር ይህን ለውጥ አያሳይም። ሲክወንሲንግ፣ ማለትም የቫይረሱን ጂን ፊደል በፊደል ማንበብ፣ ወይም ለዚያችው ለውጥ የተሠራ ምርመራ ያስፈልጋል። ሲክወንሲንግ ደግሞ በቂ ቫይረስ ይፈልጋል። ሲቲ ማሽኑ ቫይረሱን እስኪያገኝ የሚደጋግመው ዙር ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቫይረሱ ያንሳል። ሲቲው 35 የደረሰ ናሙና ይዛችሁ ብትለፉ ትርፉ ድካም ነው።

አርኤንኤዝ ፒው በጠፋበት በዚያ ቀን ወደ ጤና ተቋሙ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ነርስ «ልጆቹ ሲያለቅሱ አንጀቴ አልችል እያለ ነው የወሰድኩት፣ አሁን ደግሞ ድገም ትሉኛላችሁ?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔም ዝም ብዬ ሰማሁት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፦ «ለመሆኑ ስዋቡ እስከ የት ነው የሚገባው?»

እስከዚያ ቀን ያሳየው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።